«ዕድገ ንጥር» ወይስ «ሆርሞን»?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ሻሸመኔ ሳይደረስ፣ በአርሲ ነገሌ የከብት ገበያ የቆመ ተርጓሚ ያለ መዝገበ ቃላት ብዙ ይማራል። ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ኮርማ፣ ሰንጋ የሚሉት ስሞች ዕድሜን ወይም ጾታን፣ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ ቃል ይለያሉ። ኦሮምኛውም ጊደሯን ራዳ፣ ወይፈኑን ጂቢቻ ብሎ በዚያው ፈለግ ይሄዳል፤ ኮርማና ሰንጋንማ ሁለቱ ቋንቋዎች ይጋሯቸዋል። እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው ማኮላሸት ነው፤ ይኸውም የቴስቶስተሮንን ዋና ምንጭ ማጥፋት ማለት ነው። ገና በጥጃነቱ የተኮላሸ ከብት የአጥንቱ ማደጊያ ዘግይቶ ስለሚዘጋ እግሩ ይረዝማል።

ይህን ጉዳይ በአማርኛ ስንጽፍ የሚያውከን ለ«ሆርሞን» የተሰጠው «ዕድገ ንጥር» የሚል አቻ ነው። እንግሊዛዊው ስታርሊንግ በ1905 እ.ኤ.አ. ቃሉን ያስተዋወቀው «አነሣሣ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ ወስዶ ነው፤ ዕድገት በውስጡ የለበትም። ታዲያ ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ የምታመነጨውን «የዕድገት ዕድገ ንጥር» ልንለው ነው?

ችግሩ ለጆሮ አለመጣሙ ብቻ አይደለም። የዕድገት ሆርሞን ይልቁንም በከባድ እንቅልፍ ጊዜ በየተራ ይመነጫል፤ በጉርምስና ይበረክታል፤ ከዚያም ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይቀንሳል። በጎልማሳነት ዘመን ሴቶች በጠቅላላው ከወንዶች ይልቅ ያመነጩታል፤ የወንዶቹ በሌሊት ጎላ ይላል። ኢስትሮጅን በበኩሉ መጀመሪያ ዕድገትን ያፋጥናል፤ በኋላ ግን በሁለቱም ጾታ የአጥንትን ማደጊያ ዘግቶ ቁመትን ይገታል፤ ወንዶች አብዛኛውን ከቴስቶስተሮን ይሠሩታል። ቁመትን የሚያቆመውን «ዕድገ ንጥር» ብሎ መሰየም አንባቢን ማሳሳት ነው። ስለዚህ እኛ ለጠቅላላው «ሆርሞን»ን፣ ለተለየው «የዕድገት ሆርሞን»ን እንመርጣለን፤ የውጭ ቃል ነው የሚለው ነቀፌታ «ቪታሚን»ን ለለመደ ጆሮ ብዙም አይከብድም።

«ጉርምስና»ም ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ ወደ ጎረምሳው ያደላል፤ ልጃገረዷ ኮረዳ ናት። ሴቶች ልጆች ወደዚህ ደረጃ የሚገቡት ከወንዶች ቀድመው ነው፤ የቁመታቸው ግሥጋሴም በሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል። የአገራችን ሰው «ለአቅመ አዳም» እና «ለአቅመ ሔዋን» ብሎ አስቀድሞ ለይቶታል። አነጋገሩ ለጋብቻ መድረስን ስለሚያመለክት ለሕክምና ጽሑፍ በቀጥታ አይስማማም፤ ሆኖም ተርጓሚው የሁለቱን ጾታ ዕድሜ በአንድ ቁጥር ሊጠቀልል ሲል ቢያስታውሰው ይበጀዋል።