የቤት ራውተርን ፈርምዌር ስለ መመርመር

የሚከተለው ምንባብ የአንድን ሥራ አካሄድ የሚያስረዳ ድርሰት ነው። በምታነቡበት ጊዜ እያንዳንዱ ተግባር ከምክንያቱ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ አስተውሉ።

ቤት ያለው ሰው በሩ መቀርቀሩን ሳያረጋግጥ አይተኛም። ኢንተርኔት የገባበት ቤት ግን ከእንጨቱና ከብረቱ በር ሌላ አንድ በር አለው። ይኸውም በአንድ ጥግ ተቀምጦ ትንንሽ መብራቶቹን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ራውተር ነው። ስልኩም፣ ኮምፒዩተሩም፣ ቴሌቪዥኑም ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙት በእርሱ በኩል ነው። መብራቱ እስከ በራ ድረስ ግን ማንም ልብ አይለውም፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ቸልታ ነው።

ራውተር እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራው በተሰጠው ትእዛዝ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ የሚኖረው ይህ የትእዛዝ ስብስብ ፈርምዌር ይባላል። ፈርምዌር ሰው የጻፈው ነገር ስለ ሆነ ስሕተት አይጠፋበትም። ስሕተቱ ሲታወቅ ሠሪው ኩባንያ ያርመውና፣ መጽሐፍ ታርሞ እንደ ገና እንደሚታተም ሁሉ፣ ቁጥር ሰጥቶ አዲስ እትም ያወጣል። ይሁን እንጂ እርማቱ ሲወጣ የስሕተቱ ስፍራ ለክፉ አሳቢዎችም ይገለጣል። ስለዚህ በአሮጌው እትም የሚሠራ ራውተር ከቀድሞው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት በጀርመን አገር የደረሰውን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኖቬምበር ወር መጨረሻ ላይ ወንጀለኞች ብዙ ራውተሮችን ከሩቅ ሆነው ለመቆጣጠር ሞከሩ። በዚህ ሙከራ የተነሣ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች የሆኑ 900,000 ያህል ሰዎች አገልግሎታቸው ታወከ። ኩባንያውም አዲስ ፈርምዌር አዘጋጅቶ፣ ደንበኞቹ ራውተራቸውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው እንደ ገና እንዲሰኩና እርማቱን እንዲቀበሉ አስታወቀ። በሽታው በራውተሩ በኩል እንደ መጣ፣ መድኃኒቱም የገባው በፈርምዌሩ በኩል ነበር።

ታዲያ የቤታችሁ ራውተር በየትኛው እትም እንደሚሠራ እንዴት ታውቃላችሁ?

በመጀመሪያ የራውተሩን ባለቤት አስፈቅዱ፤ የሌላውን ሰው ራውተር ያለ ፈቃድ መክፈት የሰው ቤት ሰብሮ እንደ መግባት ነውና። ከዚያም ስልካችሁን ወይም ኮምፒዩተራችሁን በዋይፋይ ወይም በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። የማስተካከያው ገጽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በራሱ በራውተሩ ውስጥ ስለ ሆነ የኢንተርኔቱ መስመር ቢቋረጥ እንኳ ይከፈታል።

ቀጥሎ የራውተሩን አድራሻ ፈልጉ። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በዚያ ከሌለ፣ በስልካችሁ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር እርሱ ነው። በብዙ ቤቶች የተለመዱት 192.168.1.1 እና 192.168.0.1 ናቸው። የእናንተና የጎረቤታችሁ አድራሻ አንድ ቢሆን አትደነቁ፤ እነዚህ ቁጥሮች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተለዩ ስለ ሆኑ ከቤት ውጭ አይሠሩም።

ቁጥሩን በብራውዘሩ ራስጌ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ ጻፉ። ገጹም የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ወደ ቤት የሚያስገባ ነው፤ ይህኛው ግን የቤቱን ቁልፍ ራሱን ለመለወጥ የሚያስችል ነው። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከሆነ ከዚያው ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ «ስቴተስ»፣ «ሲስተም» ወይም «አድሚኒስትሬሽን» የሚሉትን ክፍሎች ተመልከቱ። በዚያም የመሣሪያውን ሞዴልና የፈርምዌሩን እትም ቁጥር ከነቀኑ አግኝታችሁ በወረቀት ላይ ገልብጡ። ከዚያም ቁጥሩን በሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ ለዚያው ሞዴል ከወጣው ጋር አስተያዩ። ራውተሩን የሰጣችሁ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ከሆነ ግን፣ ማሻሻያውን የሚልከው እርሱ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አዲስ እትም ካለ በጥንቃቄ ጫኑ። ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ፈርምዌር መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። በመጫን ላይ እንዳለም ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ትእዛዙ በግማሽ ተጽፎ ይቀርና ራውተሩ አልነሣ ሊል ይችላል። ስለዚህ መብራት በሚጠፋፋበት ሰዓት ይህን ሥራ አትጀምሩ። ሠሪው ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለት ራውተር ከሆነ ደግሞ፣ መብራቱ ደኅና ቢበራም፣ አቅም በፈቀደ ጊዜ መለወጡ ይበጃል።

በመጨረሻም ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳትለውጡ ከገጹ አትውጡ። ብዙ ፋብሪካዎች ለብዙ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጡ ኖረዋል፤ ይህን የሚያውቅ ሌባም አስቀድሞ የሚሞክረው እርሱን ነው።

ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ይስማማል። የበሩን መቀርቀሪያ በየማታው የሚመለከት ሰው፣ ይህንንም በር ቢያንስ በየጥቂት ወሩ ሊመለከተው ይገባል።

መልመጃ

1. እርማት ከወጣ በኋላ አሮጌው ፈርምዌር ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. በዋይፋዩና በማስተካከያው ገጽ የይለፍ ቃሎች መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
3. «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻም» የሚሉትን ቃላት በመጠቀም በቤታችሁ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ከነምክንያቱ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።