በማር እንጀራ ላይ የተሰለፈ ጦር

ዘንድሮ እዚህ ዳንግላ ከክፍል ጓደኛዬ ጋራ የዐድዋን ጦርነት በካርቶን ላይ ለመጫወት ስንሞክር ያገኘሁትን ትምህርት ላካፍልህ እወዳለሁ።

ሰሌዳችንን ባለ ስድስት ጎን ቤት አድርገን ስለ ከፈልነው የማር እንጀራ ይመስላል። ምክንያቱም በአራት ማዕዘን ቤት በሰያፍ የሚሄድ ጦር በቀጥታ ከሚሄደው 1.41 እጥፍ ይርቃል፤ በስድስት ጎን ቤት ግን ስድስቱም ጎረቤቶች እኩል ይርቃሉ። አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ይህን ሰሌዳ ባሳተማቸው የጦርነት ጨዋታዎች ላይ አውሎታል።

ጦሩን የሚመርጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ለእያንዳንዱ 60 ነጥብ ተሰጥቶት እግረኛን በ2፣ ፈረሰኛን በ3፣ መድፍን በ5 ይገዛል። ሐሳቡን ያገኘሁት ከአባቶቻችን ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንደ ፈቃዳቸው ያሰልፋሉ፤ ይኸውም ወረራ ይባላል።

ነገር ግን ጓደኛዬ ጠጠሮቹን ሁሉ ባንድ ቤት ከምሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። ጨዋታው ጣዕም አጣ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከታሪክ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሁለቱም ሠራዊት ስንቅ አጥሮት ነበር፤ ብዙ ሰው ባንድ ስፍራ ሲከማች አገሩ አይቀልበውምና። ስለዚህ ባንድ ቤት ከሦስት ጠጠር በላይ ቢደረብ በየዙሩ አንዱ በረኀብ ይወጣል፤ መድፍም ቢመታው ክምሩ ሁሉ ይጎዳል ብለን ደነገግን።

መበታተንም እንዲሁ ያጠፋል። የካቲት 23 ቀን የጄኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶች በሌሊት ጉዞ ተለያዩ፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በኮረብታ ስም ስሕተት ከሌሎቹ ቀድሞ ርቆ ሄደ፤ የዳቦርሚዳም መንገድ ስቶ ለብቻው ቀረ። ስለዚህ በጎረቤት ቤቶች ያሉ ጠጠሮች ብቻ ይረዳዳሉ የሚል ሕግ ጨመርን።

በዚህ ሕግ የኢጣልያን ወገን ይዤ ብርጌዶቹን ሳልለያይ ተጫወትሁ። ከአምስት ጊዜ አራቱን ተሸነፍሁ፤ አንዱን ግን አሸነፍሁ። ጓደኛዬ ተቈጣ። «የአባቶቻችንን ድል አቃለልኸው» ብሎ ሰሌዳውን አጥፎ ሄደ፤ ሳምንት ሙሉም አላነጋገረኝም።

እኔም አዘንሁ፤ ሕጉንም ልለውጥ አስቤ ነበር። በመጨረሻ ራሱ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «መሸነፍ የማይቻል ቢሆን ኖሮ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር፣ እኛም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የምናስታውሳቸው ፈረሰኞች ምን አደረጉ እንላለን?»

ሕጉን አልለወጥሁትም። እውነተኛ ጨዋታ ለሁለቱም ወገን የመሸነፍን በር ክፍት ይተዋል፤ የጀግና ዋጋ የሚታወቀውም በዚያ በር ነው። አንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ ካርቶንና ማስመሪያ ይዘህ ሞክረው፤ የኢጣልያን ወገን ለመያዝ ግን አትፈር።