ጎመኑ ቢጫ ሲሆን፦ በቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያና የቤተሰባችን ገበታ



ባለፈው ወር ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንዲት እናት በልጃቸው በኩል ጥያቄ ልከውልን ነበር። «በጓሮዬ ያለው ጎመንና ቆስጣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ አስቸገረኝ። ጎረቤቴ ከገበያ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት አምጥቶ ‹ይኼን ቅጠሉ ላይ ይርጩበት፣ በሦስት ቀን አረንጓዴ ይሆናል› አለኝ። ልጆቼ ግን ጎመኑን በየቀኑ ነው የሚበሉት። ልርጨው ወይስ ልተወው?» ይላል።

ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ጓሮ ያለውን ሁሉ፣ ጓሮ ባይኖረውም ከጉሊት ጎመን የሚገዛውን ሁሉ ይመለከታል። ስለዚህ ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጠነው።

በመጀመሪያ «መድኃኒት» በሚለው ቃል እንጀምር። በአገራችን ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር ሁሉ መድኃኒት ይባላል። ተባይ የሚገድለውም፣ አረም የሚያደርቀውም፣ ተክሉን የሚመግበውም አንድ ስም ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን መርዝ ናቸው፤ ሦስተኛው ምግብ ነው። የስሙ መደበላለቅ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሃይላንድ የተቀዳ ነገር ስሙ፣ መጠኑና ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት አልተጻፈበትም። ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላል። ደግሞም የውኃ ጠርሙስ ነው፤ የተጠማ ሕፃን ቢያገኘው አንስቶ ይጠጣዋል። ስለዚህ ለእናታችን የመጀመሪያው መልሳችን አጭር ነው፦ እሱን አይርጩት፤ ከቤትም አያስቀምጡት።

ቅጠል እንዴት ይመገባል?

የተክል አፉ ሥሩ ነው። ነገር ግን ቅጠልም ጥቂት ይጎርሳል። የቅጠል ገጽ ሰም በመሰለ ስስ ሽፋን የተሸፈነ ሲሆን በውኃ የሟሟ ንጥረ ነገር በዚህ ሽፋን ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን መተላለፊያዎችና አየር በሚያስገቡ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ቱኪና ዊትወር የተባሉ ተመራማሪዎች ጨረር አመንጪ ምልክት ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ቅጠል ላይ አድርገው ጉዞአቸውን ሲከታተሉ፣ ከቅጠል ተነሥተው ወደ ሌላው የተክሉ ክፍል እንደሚሄዱ አሳይተዋል።

ይህ ማለት ግን ተክልን በቅጠሉ ብቻ ማኖር ይቻላል ማለት አይደለም። ሕመምተኛ በጉሉኮስ ጥቂት ቀን ይሰነብታል እንጂ ዕድሜ ልኩን አይኖርበትም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ተክሉ በብዛት ስለሚፈልጋቸው ዋናው መንገዳቸው አፈርና ሥር ነው። ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ቦሮን ግን በጥቂቱ ስለሚበቁ በቅጠል መስጠቱ ያዋጣል፤ በተለይ ንጥረ ነገሩ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ማውጣት ሲያቅተው።

እንግዲህ ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን አገላብጣችሁ እዩ። ቢጫ የሆነው ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ተክሉ ናይትሮጅንን ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ እናት ለልጇ እንደምታደርገው። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሮቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ከቀሩ ግን ብረት፣ ዚንክ ወይም ማንጋኒዝ መጉደሉን ያመለክታል፤ እነዚህ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ በቀላሉ አይሄዱምና። በሎሚና በብርቱካን ላይ ይህ በብዛት ይታያል። የቅጠሉ ዳር ብቻ እንደተቃጠለ ከሆነ ፖታሲየምን ጠርጥሩ። ውኃ የተኛበት መሬት ላይ ደግሞ ሥሩ ታፍኖ ሁሉም ቢጫ ይሆናል፤ ለዚያ መፍትሔው ቦይ መቅደድ እንጂ ርጭት አይደለም።

ስለ ቲማቲም አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ «ካልሲየም እርጩበት» የሚሉ አሉ። የጎደለው ካልሲየም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ካልሲየም ከሥር ከውኃ ጋር ነው ወደ ፍሬው የሚወጣው፤ ቅጠል ላይ የተረጨው ወደ ፍሬው አይወርድም ለማለት ይቻላል። አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሳምንት ማስጠማቱን ትታችሁ ውኃውን በመጠኑና በየጊዜው ብታጠጡት ይሻላል።

መጠኑና ሰዓቱ

ይህን ክፍል የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቲማቲሜን ላፋፋ ብዬ ዩሪያ በሾርባ ማንኪያ እየዛቅሁ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጬ በቀትር ረጨሁት። በማግስቱ ቅጠሉ እሳት የነካው መሰለ። መጠኑም ሰዓቱም ስህተት ነበር።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኃይለኛ ነው። ለአትክልት በአንድ ሊትር ውኃ ከ5 ግራም አይለፍ፤ ይህም ተቆልሎ ሳይሆን ለጥ ብሎ የተሰፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ለሎሚና ለብርቱካን ደግሞ ተራ ዩሪያ ባትረጩ ይመረጣል፤ በውስጡ ባይዩሬት የሚባል ቅሬታ ስላለና እነዚህ ዛፎች ለእርሱ ስስ ስለሆኑ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለእነርሱ ከሥር መስጠት ይበቃል። ዚንክ የጎደለው የሎሚ ዛፍ ካላችሁ በ10 ሊትር ውኃ 50 ግራም ዚንክ ሰልፌት ከ25 ግራም ኖራ ጋር ተበጥብጦና በጨርቅ ተጠልሎ ይረጫል። ኖራው ቅጠሉን ከመቃጠል ይጠብቀዋል።

የሚረጨው ማለዳ ወይም ከዐስር በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው። ያን ጊዜ ጠብታው ቶሎ ስለማይደርቅ ቅጠሉ ለመምጠጥ ጊዜ ያገኛል። ነፋስ ካለ፣ ዝናብም ካዘለ ተዉት። የቅጠሉን ታችም አርሱ፤ ሽፋኑ በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ ስስ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ቲማቲሜ ይተርፍልኝ ነበር።

መርጫው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ከጎረቤት መዋስ የተለመደ ነው። ጎረቤት ግን ትናንት ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ አረም ረጭቶበት ከሆነ፣ በውስጡ የቀረው ጥቂት ቅሪት ብቻ የእናንተን ቲማቲም ቅጠል እንደ ገመድ ይጠመዝዘዋል። ለምግብ አትክልት የራሳችሁ ትንሽ የእጅ መርጫ ይኑራችሁ፤ መርዝ አይግባበት።

ከአፈር እስከ ሕፃኑ

የጤና ዓምድ ስለ ማዳበሪያ ምን አገባው የሚል አንባቢ ካለ ይህን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶክተር አናንዳ ፕራሳድ የተባሉ ሐኪም በኢራን ሺራዝ ከተማ ይሠሩ ነበር። ዕድሜው 21 ሆኖ የ10 ዓመት ልጅ የሚመስል ሕመምተኛ መጣላቸው። ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ነበር፤ ሥጋ አያገኝም፤ አፈርም ይበላ ነበር። ሐኪሙ ይህን እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፈው የዚንክ እጥረት መሆኑን ጠረጠሩ፤ ከዚያም በግብፅ ተመሳሳይ ወጣቶችን አጥንተው በ1963 ማስረጃውን አቀረቡ። ከዚያ በፊት ሰው ዚንክ ጎድሎት ይቀጭጫል ብሎ የሚያምን ሐኪም ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በቱርክ መካከለኛ አናቶሊያ ደግሞ በ1990ዎቹ አፈሩ ዚንክ እንደሚጎድለው ታውቆ ማዳበሪያው ላይ ዚንክ ሲጨመር የስንዴው ምርት በጣም ጨመረ። ኋላም ቱርክንና ፓኪስታንን ጨምሮ በሰባት አገሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ዚንክ ቅጠሉ ላይ ሲረጭ በአንድ ኪሎ የስንዴ ፍሬ ውስጥ ያለው ዚንክ በአማካይ ከ27 ወደ 48 ሚሊ ግራም ከፍ ብሏል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በተካሄደው የአፈር ቅኝት በብዙ ቦታ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን ጎድለው ተገኝተዋል።

ይህን ሰምታችሁ ግን «እንግዲያው ጎመኑ ላይ ዚንክ ልርጭና ልጄ ይደግ» አትበሉ። ጎመን ዋና የዚንክ ምንጭ አይደለም። ለልጅ ዚንክ ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከባቄላና ከምስር ይፈለግለት፤ የእንጀራችን ሊጥ መቡካቱም ዚንኩን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ከጎመን የምናገኘው ለዓይን የሚሆነውን የቫይታሚን ኤ መነሻ፣ ፎሌትና ብረት ነው። ብረቱንም ሰውነት በደንብ የሚወስደው ሎሚ ሲጨመቅበት ነው፤ ከምግቡ ጋር ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ይቀንሳል። በጓሮ ጎመንና ሎሚ ጎን ለጎን ያላት እናት ትልቅ ሀብት አላት።

አረንጓዴነትም ሁልጊዜ ጤና አይደለም። ዩሪያ የበዛበት ቆስጣና ስፒናች ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ ነገር ግን ናይትሬት ያከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ትኩስ ስፒናች ውስጥ ከ3500 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንዳይኖር ሕግ አውጥቷል። ለአዋቂ ብዙም አያሰጋም፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሕፃን የቅጠል ሾርባ አትስጡ፤ ለትንንሽ ልጆችም አድሮ የሞቀ ጎመን አይሁን። ዩሪያውን ከመቁረጣችሁ ሁለት ሳምንት በፊት አቁሙ። ፀሐያማ ቀን ከሆነ ከማለዳ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ቁረጡ፤ ቅጠሉ በብርሃን ናይትሬቱን እየተጠቀመ ስለሚውል ይቀንሳል።

«ኬሚካል ስለምፈራ የከብት እበት በጥብጬ ቅጠሉ ላይ እረጫለሁ» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ጥሬ እበት ሳይበስል በሚበላ ሰላጣ ላይ ከዩሪያው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ የሚያውኩ ጀርሞችን ይዟል። የእበትን ጠሃራነት ጉዳይ ለዑለሞቻችን ትተን ከጤና አንጻር ብቻ የምንለው፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ለሥሩ ስጡ፣ ቅጠል ላይ አትርጩ ነው። የአሜሪካ የተፈጥሮ እርሻ ደንብ ጥሬ እበት ከተጨመረ በኋላ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት 120 ቀን እንዲቆይ ያዝዛል። የሰላጣ ዕድሜ ደግሞ ይህን ያህል አይረዝምም።

በመጨረሻም ቅጠሉን በሚወርድ ውኃ አንድ በአንድ እጠቡ። አቼቶ ጀርሙን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ፀረ ተባይ ግን አያወጣም። እርሱን የሚያስወግደው በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን መጠበቅ ብቻ ነው። ከጉሊት ስትገዙም ሻጯን «መቼ ነው የተረጨው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ቢሆንም ጠይቁ።

ወደ እናታችን እንመለስ። ልጃቸውን ቢጫው ከታች ነው ከላይ ብለን ስንጠይቀው «ከታች ነው፣ ለጋው ደህና ነው» አለን። እንግዲያው የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን አይቀርም። ሥሩን ኮትኩተው የበሰለ ብስባሽ ይጨምሩበት። ቶሎ እንዲያገግም ከፈለጉ ስሙ ከተጻፈበት ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በጥብጠው አንድ ጊዜ ከዐስር በኋላ ይርጩ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ከዚያ ጎመን አይቁረጡ። የሃይላንዱን ነገር በተመለከተ ሽንት ቤት ወይም ቦይ ውስጥ እንዳይደፉት፤ ክዳኑን አጥብቀው ሕፃናት በማይደርሱበት ከቤት ውጭ ቦታ ቆልፈው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

በሚቀጥለው ዕትም ብስባሽ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ይዘን እንቀርባለን ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዓለይኩም።