ርካሽ ኪኒን፣ ውድ ቀጠሮ

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከምናድልበት ክፍል በራፍ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ከሌሎቹ ሁሉ ቶሎ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ብታዩት የመድኃኒት ካርቶን፣ ከብልቃጥ ላይ የተላጠ ወረቀት፣ አንዳንዴም ባዶ ብልቃጥ ታገኛላችሁ። ሰው ኪኒኑን ፌስታል ወይም የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ ብልቃጡ ታክሲ ውስጥ ይንኳኳል፣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍም ቤት ውስጥ ለሚፈታትሽ ሰው ሁሉን ይናገራል። እኔ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ወረቀቱን ላጡት፣ ኪኒኑን ግን አትገልብጡ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፣ መድኃኒቱን ከመበላሸት ትጠብቃለች። ድምፁን ለማጥፋት ንጹሕና ደረቅ ጥጥ መጠቅጠቅ ይበቃል።

ከብልቃጡ በምትወጣው አንዲት ኪኒን ውስጥ ሦስት መድኃኒቶች አሉ፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። በቀን አንዴ ትዋጣለች፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም። በቅርቡ የጀመሩ ሰዎች ይህን እንደ ተራ ነገር ያዩታል። ስታቩዲን የሚባለውን የጠዋትና የማታ መድኃኒት የወሰዱት ግን ያውቁታል። እግር ያቃጥል ነበር፤ ጉንጭን አሟጥጦ ፊትን ያሰረጉድ ነበር። ሰውየው በሽታውን ከጎረቤት ቢደብቅ መድኃኒቱ ፊቱ ላይ ያወጣበት ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። ሌላው የቀድሞ መድኃኒት ኤፋቪሬንዝም ቢሆን የሌሊት ቅዠቱ አይረሳም።

ዋጋውስ? እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ መሪ ዶክተር ዩሱፍ ሐሚድ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በዓመት በ350 ዶላር ላቅርብ አሉ፤ የገበያው ወግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። ዛሬ ያቺ ሦስት በአንድ የሆነች ኪኒን ለድሃ አገሮች በዓመት ከ45 ዶላር ባነሰ ትገዛለች። በእኛ አገር ሕክምናው በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀመረ፤ የታካሚው ገንዘብ ሲያልቅ መድኃኒቱም አብሮ ያልቅ ነበር። በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም (ዩኤንኤድስ) ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ 31.6 ሚሊዮኑ መድኃኒት ላይ ነበሩ። በ2004 ኤድስ 2.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቁጥሩ 630,000 ሆኗል። ትልቅ ድል ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን 630,000 ማለት አሁንም በየደቂቃው ከአንድ ሰው በላይ ማለት ነው፤ ያውም ኪኒኗ ይህን ያህል በረከሰችበት ዘመን። በዚያው ዓመት አዲስ የተያዙት ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ናቸው። ልጆች ላይ ሲደርስ ይብሳል፤ ከአዋቂዎች 78 በመቶው መድኃኒት ሲያገኙ ከልጆች 55 በመቶው ብቻ ናቸው ያገኙት።

እንግዲህ ኪኒኗ ርካሽ ከሆነች ሰው በምን ይሞታል? ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ወዲህ ሆኜ እንደማየው ውዱ ነገር ኪኒኗ አይደለችም፤ ሰውን በቀጠሮው ቀን መልሶ ማምጣት ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል። የሚያቋርጠው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። አንዷ አሠሪዋ ቀን አትሰጣትም። አንዱ ለሥራ አገር ቀይሮ የዝውውር ወረቀት ሳይዝ ሄዷል። ሌላዋ አዲስ ትዳር ይዛ ለባሏ እንዴት እንደምትነግረው ጨንቋታል። አንዱ ደግሞ፣ ይሄ ብዙ ነው፣ ድኛለሁ ብሎ ተወው።

ጾምም አለ። በሁዳዴ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ደገፍ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ኪኒኗን ምን ላድርጋት?» አሉኝ። «ማታ ራት ሲበሉ ይዋጧት እማማ፤ ሰዓቷን ብቻ አይቀያይሩባት» አልኳቸው። «ጸበልስ?» አሉ ቀጥለው። «በጸበሉም ይዋጧት» ስላቸው ሳቁ። ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ በይፋ መክረዋል። ያ ቃል ከእኛ ፖስተር ሁሉ የበለጠ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። እማማ ግን የሄዱ መስሎኝ ነበር እንጂ አልሄዱም፤ ለጨጓራቸው የሚወስዱትን ፈሳሽ ከነጠርሙሱ ከቦርሳቸው አወጡት። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። የጨጓራ አሲድ ማብረጃ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒን ከዶሉቴግራቪር ጋር ከተገናኙ መድኃኒቱ በበቂ መጠን ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ለማብረጃው መፍትሔው ሰዓት ማለያየት ነው፤ ኪኒኗን ከእሱ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የተረጋጋ ታካሚ አሁን የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰ፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ሊያገባ የተዘጋጀ አንድ ወጣት ይህን ስነግረው «ማኅተም አድርገህ ትጽፍልኛለህ?» ብሎኛል። ከእጮኛው ጋር እንዲመጣ ነገርኩት፤ መጡ፣ አማካሪዋ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

አማካሪዋን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለግምገማ ብላ ስታቆም፣ በ2003 የተቋቋመውና ለኤችአይቪ ሕክምና ከሚውለው የውጭ እርዳታ ትልቁን ድርሻ የተሸከመው የአሜሪካ ፕሮግራም ፔፕፋር አብሮ ተመታ። ሕይወት አድን ለተባለው ሕክምና ኋላ ፈቃድ ተሰጠ፤ ኪኒን መምጣቱን አላቆመም። በእኛ አገር ግን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ብዙዎቹ ነጭ ጋዋን የሚለብሱ አልነበሩም። መረጃ የሚመዘግቡ፣ አዲስ ታካሚ የሚያለማምዱ፣ ቀጠሮ ላሳለፈ ሰው የሚደውሉ፣ ስልኩ ካልሠራ ሠፈሩ ድረስ የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ነበሩ፤ «እኔም እወስዳለሁ» ሲሉ የሚሰማቸው ሰው እኔን በዚያ ልክ አይሰማኝም። የደወለችለትን ሰው በድምፁ ብቻ መጠጥ መጀመሩን የምታውቅ ሴት በምን ትተካለች? ዩኤንኤድስ ፔፕፋር ጨርሶ ቢቆም እስከ 2029 ድረስ 6 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች ሊያዙ፣ 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ጥፋቱ የአሜሪካ ብቻ ነው አልልም። የራሳችንን ሕዝብ የሚከታተል ሠራተኛ ደመወዝ ለሃያ ዓመት ከሰው ካዝና ስንጠብቅ ኖረናል።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ሌናካፓቪር ነው። በዓመት ሁለቴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው በዓመት 28,000 ዶላር ያህል ነው፤ የሕንድ ኩባንያዎች ከ2027 ጀምሮ በዓመት በ40 ዶላር እንደሚያቀርቡት ተነግሯል። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደችውን ልጅ በስድስተኛው ወር ደውሎ የሚጠራት ሰው ከሌለ ሁለተኛው መርፌ አይወጋም።

ይህን ከምታነቡት መካከል ቀጠሮ ያሳለፋችሁ ትኖራላችሁ። ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ ኑ። ካርዳችሁ ቢጠፋ ስማችሁ መዝገብ ላይ አለ። ከተማ ቀይራችሁ ከሆነ የዝውውር ወረቀት እስክታገኙ አትጠብቁ፤ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ትወስዱት የነበረውን መድኃኒት ተናገሩ፣ የቀረውን እነሱ ደውለው ያጣራሉ። የቆጣችሁ ባለሙያ ካለ ሌላውን ጠይቁ። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ ለጨጓራም ይሁን ለእርግዝና፣ ይዛችሁት ኑ።