የአፍ ፈሳሽ ፈጣን የኤች አይ ቪ ምርመራ እና የመመሪያው አማርኛ

በተለምዶ «የምራቅ ምርመራ» የሚባለው ፈጣን የኤች አይ ቪ መመርመሪያ በዋናነት የሚፈልገው ምራቅን አይደለም። መጥረጊያው በላይኛውና በታችኛው ድድ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚሰበስበው ከድድና ከጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን የሚመነጭ ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚፈለገውም ቫይረሱ ሳይሆን ሰውነት ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። «ምራቅ» የሚለው ስያሜ ግን ሰሚውን ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ሊመራው ይችላል።

የቃላት ምርጫ በምርመራው ትክክለኛነት ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለማየት ሐርጌሳ ትጠቅማለች። በከተማዋ አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ከሶማሊኛ ተናጋሪዎች ጋር ይኖራሉ፤ ከሰዓት በኋላም ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጫት በብዛት ይቃማል። መመሪያው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መብላትና መጠጣትን ይከለክላል። በአማርኛ ግን ጫት አይበላም፣ ይቃማል፤ በሶማሊኛም ለዚሁ ራሱን የቻለ ግሥ አለ። ስለዚህ ጉንጩን በጫት የወጠረ ተመርማሪ «አልበላሁም» ቢል በቋንቋው አልዋሸም። «አይቃሙ» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ርካሽ መፍትሔ ነው።

«ትክክለኛነት» ራሱ ሁለት ልኬቶችን ይደብቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2012 እ.ኤ.አ. ለቤት ውስጥ አገልግሎት የፈቀደው ኦራኩዊክ፣ ሰዎች ራሳቸውን በመረመሩበት ጥናት ቫይረሱ ካለባቸው 92 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 99.98 በመቶውን በትክክል ለይቷል። በሰለጠነ እጅ የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ይላል። ለስሌት ያህል፣ ከ10,000 ተመርማሪዎች 50ዎቹ ቫይረሱ ቢኖርባቸው፣ ሳይኖርባቸው «አለብዎት» የሚባሉት 2 ያህል፣ እያለባቸው «ነጻ ነዎት» የሚባሉት ግን 4 ናቸው። ሁለቱን ተከታዩ የደም ምርመራ ያርማቸዋል። አራቱ ቃሉን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«ነጻ» ከክስ፣ ከዕዳና ከባርነት መውጣትን የሚያውጅ፣ ፍርድ የሚመስል ቃል ነው። መመርመሪያው ግን ባለፉት 3 ወራት ውስጥ የተያዘን ሰው ሊያመልጠው ይችላል። «በዛሬው ምርመራ አልታየም፤ ከ3 ወር በኋላ ይመለሱ» የሚለው አገላለጽ ይረዝማል፤ ለተርጓሚም አይመችም። ሆኖም መሣሪያው ካወቀው በላይ አይናገርም።