ፀሐይ ለማይጠግብ የጓሮ ጥግ ጌሾ

ከቤትዎ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር፣ ጎመን ቢተክሉበት የሚቀጭጭ፣ ድንች ቢተክሉበት ቅጠል ብቻ የሚሆን ጥግ አለ? እንጭኒ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥግ ያለው ጓሮ ብዙ ነው። ማገዶ ይከመርበታል፤ አለዚያም ለዶሮ ይተዋል። እኔ ጌሾ ይትከሉበት እላለሁ።

«ቡናስ?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡናም የአገራችን ቁጥቋጦ ነው፤ ጥላም ይወዳል። ወደ ጉደር ዝቅ ሲሉ፣ ጓሮው ሞቅ ያለ ከሆነ፣ ይሞከራል። ቡና ግን ውርጭ አይችልም። እንጭኒ ደጋ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ሲያርፍ አይተዋል። እንዲህ ያለች አንዲት ሌሊት የቡና ችግኝ ቅጠል አጥቁራ ታድራለች። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ሲሄድ ያሳዝናል።

ጌሾ ብርዱን ይችላል። ከወይና ደጋ እስከ ደጋ ይበቅላል። የተፈጥሮ ቦታው ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በአፍሪካ ተራሮች እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። እዚያ በብዛት ለአጥር ይተክሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ነው። በኦሮምኛም ጌሾ ነው የሚባለው፤ በእሱ የሚጠመቀው ጠላ ነው ፋርሶ የሚሆነው።

ጥላ ውስጥ እንዴት ይኖራል? ዱር ውስጥ ያለውን ልብ ይበሉ። ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አያገኙትም። ወንዝ ዳር፣ የደን ጠርዝ፣ ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው ያለው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዛፍ ላይ ያርፋሉ፤ ዘሩን እዚያው ይጥላሉ። ስለዚህ ሕይወቱን የሚጀምረው ጥላ ውስጥ ነው።

ይህ ማለት ግን ጨለማ ይወዳል ማለት አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው። ቦታው ላይ ሣር ጨርሶ የማይበቅል ከሆነ ለጌሾም ጨለማ ነው። እዚያ ቢተክሉት አይሞትም፤ ቅጠሉ ግን ይሳሳል፣ ቁጥሩም ያንሳል። የጠዋት ፀሐይ ለሦስት አራት ሰዓት የሚያገኝ ጥግ ይበቃዋል። የወይራ ወይም የብሳና ጥላ ጥሩ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አደራ፣ አይትከሉ። ባሕር ዛፍ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣበታል።

ችግኝ ከየት ይገኛል? ችግኝ ጣቢያ ካገኙ ይግዙ። ካላገኙ ከዘር ማፍላት ይቻላል፤ ወጪውም ጥቂት ነው። የበሰለ ፍሬ ያለው የጎረቤት ጌሾ ይፈልጉ። ፍሬው አተር ያህላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻ ወደ ጥቁር ያደላል። የሚለቀመው ሲጠቁር ነው። በጣትዎ ሲጨምቁት ለስላሳው ሥጋ ይወጣል፤ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠንካራ ዘር አለ። ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አሽተው ይጠቡት። የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ይድፉት። የሰጠመውን ጥላ ላይ አድርቀው ሳይቆይ ይዝሩ። ዘር በቆየ ቁጥር የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል።

በጥር ቢዘሩ ለክረምት ይደርሳል። አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ቀላቅለው በላስቲክ ይሙሉ። ባዶ የዘይት ላስቲክ ሥሩን በምስማር ቢበሱት ያገለግላል። በላስቲክ ሁለት ዘር ይጨምሩ፤ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል አፈር ይመልሱበት። በእንጭኒ ብርድ ለመብቀል አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ተስፋ ቆርጠው አይድፉት፤ እርጥበቱን ብቻ ይጠብቁለት።

ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ፤ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን ለም አፈር ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሲተክሉ ከፍግ ጋር ቀላቅለው መጀመሪያ የሚመልሱት እሱን ነው። የሚተከለው በሐምሌ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ነው። አፈርዎ ውኃ የሚያቁር መረሬ ከሆነ ጉብ አድርገው ከላዩ ይትከሉ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

በችግኝና በችግኝ መካከል 1.5 ሜትር ይተዉ። እንደዚህ ከሆነ 10 እግር ጌሾ ወደ 22 ካሬ ሜትር ይይዛል። ለአንድ ቤት ጠላ ይህ ይበዛል፤ ለመሸጥም ይተርፋል።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ትልቁ ወጪ ውኃ ነው። ችግኙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ብቻውን አይወጣም። ለአንድ እግር በሳምንት 5 ሊትር ቢሰጡ፣ ለ10 እግር 50 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል ማለት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 26 ሳምንት ያህል አለ። ለአንድ በጋ በጠቅላላው 65 ጀሪካን ይሆናል። ውኃ በጀሪካን የሚገዙ ከሆነ ይህን በሰፈርዎ ዋጋ ያባዙትና ከመትከልዎ በፊት ይወስኑ። ሳሙና ያልነካው የእቃ ማለቅለቂያ ውኃ ያገለግላል። ግንዱ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ቢጎዘጉዙ እርጥበቱ ይቆያል። ሌላው ወጪ አጥር ነው። ፍየልና በግ ለጋውን ችግኝ አያስተርፉም።

ቅጠሉን ትል ቢበላው በእጅ ይልቀሙ። መድኃኒት ግን አይርጩ። ይህ ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ አይደለም፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ በቀጥታ ጋን ውስጥ ይገባል።

ለመሆኑ ጋን ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቅጠሉና እንጨቱ ላይ ዓይን የማያያቸው የእርሾ ዘሮች አሉ። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተበጥብጦ ጥንስስ ሲሆን፣ ማለትም የጠላው መነሻ ሲዘጋጅ፣ መፍላቱን የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ምሬቱ የብቅሉን ጣፋጭነት ያመዛዝናል፤ ጠላውን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይገታል። ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕስ በሚባል ተክል የሚሠሩትን ሥራ እናቶቻችን በጌሾ ሠርተውታል። ለጠላ በብዛት ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ይመረጣል።

መቼ ይለቀማል? ሁለት ዓመት ይታገሱ። እኔ በጣም የምሰጋው ቶሎ መልቀሙን ነው፤ ብዙ ጌሾ የሚሞተው በመጀመሪያው ዓመት ስለሚገፈፍ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላም ቢሆን ከታች ጀምረው ይልቀሙ፤ የላይኛውን ሲሶ ይተዉለት። የሚፈለገው የበሰለው ቅጠል ነው፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፊቱ ቅቤ እንደተቀባ የሚያበራ፣ ሲያጥፉት ቀጭ የሚል።

በንጹሕ ሰሌን ላይ ሳስቶ ይሰጣ። ማታ ማታ ይግባ፤ ጤዛ ካገኘው ይሻግታል። በእጅ ሲጨብጡት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። የቅጠሉና የእንጨቱ ዋጋ ስለሚለያይ፣ ለመሸጥ ካሰቡ ገበያ ቀን ላይ የሁለቱንም ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ። ደረቅ ጌሾ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፤ አንድ ጆንያ ይዞ ሆለታ ወይም አዲስ አበባ መውረድ አያስቸግርም።

ተክሉ አርጅቶ ቅርንጫፉ ቅጠል ሲያንሰው ከመሬት ጉልበት ያህል ትተው በሰላ ገጀራ ይቁረጡት፤ ክረምት ሲገባ ይሁን። ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ያወጣል። የቆረጡትን እንጨት ግን እንዳይማግዱት፤ ከትፈው ያድርቁት፣ ለጠጅ ይፈለጋል።