ያውቁ ኖሯል? ልጅ የማን ነው?

ሰፈር ውስጥ ሞግዚት የምንላት ሕፃኑን አዝላ የምትውለውን ነው። በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ሞግዚት የልጁን ንብረት ይጠብቃል፤ ጤናውንና አስተዳደጉን የሚጠብቀው አሳዳሪ ይባላል። እናትና አባት በትዳር እስካሉ ሁለቱንም በጋራ ይሆናሉ። (ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ።)

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። በአዲሱ ሕግ ይህ ቀርቷል። ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል።

ከወላጆች አንዱ ሲሞት ልጁ የቀሪው እንደሚሆን ሁላችንም እናስባለን፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ታዲያ እናቱ ሞታበት አክስቱ ስታሳድገው የቆየችን ልጅ፣ ሳያሳድገው የኖረ አባት «አሳዳሪውም ሞግዚቱም እኔ ነኝ» ብሎ ቢመጣስ? እንዲህ ባለ አንድ ጉዳይ የሥር ፍርድ ቤቶች የሕጉን ፊደል ይዘው ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ ልጅን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቀድማል። የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ «አባቱ ነኝ» ማለት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እኔ ከሀገራችን ፍርዶች ሁሉ ይህን የሚያህል ለሕፃን የቆመ አላውቅም።

የልጅ ቀለብም ጉዳይ አለ፤ ውዝፍ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ሊቀር ይችላል፤ ለመኖር የግድ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት የጠያቂው ፈንታ ነው። «ዛሬ ነገ ይከፍላል» እያሉ በይሉኝታ የሚጠብቁ እናቶች ይህን ቢያውቁ ምንኛ ደግ ነበር! ቀለብ ደግሞ የአንድ ወገን ዕዳ አይደለም፤ ያደገ ልጅም የተቸገረ ወላጁን መቀለብ አለበት።

አሥራ አራት ዓመት የሞላውን ልጅ ሞግዚቱ በትልልቅ ጉዳዮቹ ላይ ሊያማክረው ይገባል።

ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም የአካል ቅጣትን ይከለክላል፤ ቤትን ግን በስም አይጠራም። የወንጀል ሕጉም የወላጅን «ተገቢ» ቅጣት ከወንጀል አይቆጥርም። ሚጥሚጣ ከሰል ላይ በትኖ፣ ልጁን በጋቢ ሸፍኖ፣ ሳሉ እስኪያንቀው ማጠን ግን ከየት በኩል ተገቢ ይሆናል? ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት።

ልጅን ለአቅመ ጋብቻ ሳይደርስ መዳር ወላጅንም አያስምርም። አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላትን ያገባ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ጋብቻውን ያመቻቹትም ይጠየቃሉ።

የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ለየት ብሎ ልጅ ወላጁንና ታላላቆቹን እንዲያከብር ግዴታ ይጥላል።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው። ሰፈሩ «ዲቃላ» ቢለውም፣ አባትነቱ ከተረጋገጠና አባቱ ሳይናዘዝ ከሞተ፣ ውርሱን ከእኅት ወንድሞቹ ጋር እኩል ይካፈላል።